ከተዘጋው ክፍል «አቤት» ያለው

ጋሽ ሽቦ በጓሮው ደረጃ የወረዱት ሊፍቱ ስለተበላሸ ብቻ ነው። ደህና ቢሆን ኖሮ አዲሲቱን መሐንዲስ፣ ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ደረጃው ላይ ብቻዋን ተቀምጣ አያገኟትም ነበር።

ሆስፒታሉ ትልቅ ነው። የሐኪሞቹ ኮምፒውተሮች፣ የራጅ ማሽኖቹ፣ በሽተኛው ራስጌ ቆመው የልብ ምት የሚከታተሉት መሣሪያዎች ሁሉ በአንድ ኔትወርክ የተሳሰሩ ናቸው፤ እያንዳንዱም እንደ ቤት ቁጥር የራሱ አድራሻ አለው። ያንን አድራሻ የሚያድሉት ጋሽ ሽቦ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሽቦ ሲጎትቱ ስለጨረሱ ቅጽሉ ስም ሆኖ ቀረ። የቱ ቁጥር ለየቱ ማሽን እንደተሰጠ የሚያውቁት እርሳቸውና ቀጭኑ የሚባለው ባልደረባቸው ብቻ ነበሩ። ቀጭኑ ግን ከሞተ ከርሟል።

ልጅቷ ብድግ ብላ እጅ ነሣችና፣ ጠዋት ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሆነውን ሰምተው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ሰምተዋል። የአንዲት እናት የልብ ምት ከነርሶቹ ስክሪን ላይ ጠፍቶ፣ መጥቶ፣ እንደገና ጠፍቶ ነበር። ሲስተሯ በአጋጣሚ አልጋዋ አጠገብ ባትቆም፣ ትንፋሿ ሲያጥር የሚያይላት አልነበረም። ጋሽ ሽቦ ነገሩ የሽቦ ነው ብለው፣ ሽቦ ቀይረው መምጣታቸው ነው።

«ሽቦው አይደለም ጋሼ» አለች በትሕትና። «ለሴትዮዋ በሌላ አድራሻ ሌላ መሣሪያ አስገብተንላታል፣ የድሮው ይኸው።» መሣሪያው ገመዱ ተጠቅልሎበት ከጎኗ ተቀምጧል። «እንደምታዩት ከየትም አልተሰካም። ግን አድራሻውን በጠራሁ ቁጥር ‹አቤት› የሚል አለ።»

ጋሽ ሽቦ ጎንበስ ብለው አዩ። ልጅቷ ጠራች፤ መልስ መጣ። መልሳ ጠራች፤ መጣ።

«ስሙንም ጠይቄዋለሁ» ብላ ስክሪኑን ወደ እርሳቸው አዞረችው። በላቲን ፊደል «ቀጭኑ» ይላል።

ሽማግሌው የደረጃውን ብረት ያዙ። የሬሳ ሣጥኑን በገዛ ትከሻቸው ተሸክመው፣ አፈር ሲለብስ ቆመው ያዩት ወዳጃቸው ነው። ሰው የሚያውቀው ነገር በማያውቀው በኩል ሲመጣበት ከባዕድ ይልቅ ያስፈራዋል፤ ጋሽ ሽቦም ፍርሃታቸውን በቁጣ ሸፈኑት። እንዲህ ያለ ቀልድ ደግ እንዳልሆነ ተናገሩ።

ልጅቷ አልተቀየመችም። የአድራሻው ዝርዝር የት እንደተቀመጠ ብቻ ጠየቀች። እርሳቸውም ግንባራቸውን በጣታቸው ነኩ።

«እዚህ ነው ልጄ። እሳት አይበላው፣ ሌባ አይወስደው።»

«ሞትስ ጋሼ?»

ጥያቄውን አልፈው፣ ጽሑፍ በተጻፈ ማግስት ውሸታም እንደሚሆን፣ ሰው ማሽን ሲያዛውር ማስተካከሉን እንደሚዘነጋ፣ ያረጀ ዝርዝር አምኖ ከመሳሳት በልቦና መያዝ እንደሚሻል አስረዷት። ልጅቷም እውነታቸውን መሆኑን አመነች። ስለዚህ እርሷ የምትለው ወረቀት ሳይሆን፣ ራሱ ኔትወርኩን ዘወትር እየዞረ «ማን አለ?» የሚል፣ ያልተመዘገበ ሲመልስ የሚያስጠነቅቅ፣ አንዱን ቁጥር ለሁለት አልሰጥም የሚል ሥርዓት ነው። ጋሽ ሽቦ ግን የእጃቸውን ሥራ ማሽን ሊያስታውሳቸው መሆኑ አልዋጥ አላቸው።

«እንግዲያው የሚመልሰውን እንፈልገው» አለች።

መልሱ በየትኛው ሽቦ እንደሚመጣ እየተከተሉ ወደ ላይ ወጡ። መንገዱ የቆመው ከቀድሞው የሕፃናት ክፍል በር ላይ ነው። ክፍሉ ለእድሳት ከተዘጋ ሰንብቷል። በሩን ሲገፉት አቧራው ተነሣ፤ ትንንሾቹ አልጋዎች ፍራሽ አልባ ሆነው ተደርድረዋል። ከክፍሉ ጥግ፣ የተኛ ሰው የሚተነፍስ የሚመስል ድምፅ ይሰማል።

ጋሽ ሽቦ በሩ ላይ ቀሩ። ልጅቷ ቀድማ ሄዳ የግድግዳውን ቁም ሣጥን ከፈተች። ውስጡ አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር ማራገቢያዋን እያዞረች ሞቃ ተቀምጣለች። ስክሪኗ ወደ ባዶዎቹ አልጋዎች ዞሯል፤ «እንደምን አደራችሁ ልጆች፤ ዛሬ ማን ዳነ?» ይላል። ቀጭኑ ለታመሙት ሕፃናት የሠራው ሰላምታ ነበር፤ ኮምፒውተሯንም በራሱ ስም ሰይሟት ኖሯል።

ልጅቷ ግድግዳው ላይ አዲስ የተገጠመውን ማብሪያ አሳየቻቸው። የኤሌክትሪክ ሠራተኞቹ ለእድሳቱ ሲሉ ያን ጠዋት መብራት ለቀውበታል፤ ኮምፒውተሯም ነቅታ የድሮ አድራሻዋን ይዛለች፤ ሁለት ማሽን አንድ ቁጥር ሲሻሙ ነው የሴትዮዋ የልብ ምት ከስክሪኑ የጠፋው።

ሽማግሌው ከአንዱ አልጋ ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። «ቁጥሩን ስጠራው ዝም ሲለኝ ባዶ ነው ብዬ ለሴትዮዋ መሣሪያ ሰጠሁት።»

«ዝም ያለ ሁሉ ባዶ አይደለም ጋሼ። ይህን ቀጭኑ ያውቅ ነበር፤ ይዞት ሄደ። እርስዎም የያዙት ከዚህ የበለጠ ነው፤ ነገ ቢያስነጥስዎ እኛ ማንን እንጠራለን?»

ጋሽ ሽቦ ስክሪኑን ብዙ አዩት። የሞተ ወዳጅ ሳያውቅ ሕያው ሰው ሊገድል እንደነበር ሲያስቡ፣ ክርክሩ ሁሉ ከአፋቸው ረገፈ። «ከየት እንጀምር?» አሉ።

የጀመሩት ከዚያው ክፍል ነው። አድራሻውን ሁሉ እንደ ሰፈር ሸነሸኑት፤ የበሽተኛ መሣሪያ በአንድ ሰፈር፣ ራጅ በሌላ፣ ቢሮ በሌላ ሆነ፤ ነገ ለሚመጣውም ቦታ ተረፈ። በየቁጥሩ አጠገብ የማሽኑ ዓይነት፣ ክፍሉና ኃላፊው ሰፈረ፤ ማሽኑ ተፈልጎ ሳይነሣም ቁጥሩ ለሌላ አይሰጥም። በፊት አንድ ነገር ሲበላሽ ሕንፃው ሁሉ ይታመስ ነበር፤ አሁን ሲስተሯ የአልጋውን ቁጥር ስትናገር መሣሪያው ወዲያው ይታወቃል። ሥራውን ገና የጀመረ ሰውም ሽማግሌ ሳይጠይቅ ይሠራል። ይህን ሁሉ ለሚጠራጠሩት ሐኪሞች የሚያስረዱት ራሳቸው ጋሽ ሽቦ ሆኑ፤ ከልጅቷም አስረዝመው።

በዓመቱ፣ ከስንት ጊዜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ፈቃድ ወስደው ልጃቸው ቤት ሄዱ። ጠዋቱን ሙሉ ስልካቸው አልጮኸም። ዝምታው እንደዚያ የተዘጋ ክፍል ዝምታ አስፈራቸው፤ ግማሽ ቀን ታግሠው ራሳቸው ደወሉ። መሐንዲሷ ጠዋት አንድ የማይታወቅ ማሽን መግባቱን፣ ሥርዓቱ ወዲያው መጠቆሙን፣ ሄደው ሲያዩትም የእድሳቱ ሠራተኞች ያመጡት ማተሚያ ሆኖ መገኘቱን ነገረቻቸው።

«ታዲያ ለምን አልደወላችሁም?»

«ምን ብለን እንደውል ጋሼ? አወቅነው እኮ።»

ጋሽ ሽቦ ስልኩን አስቀምጠው ሶፋው ላይ ጋደም አሉ፤ ልጃቸው ምሳ ልትጠራቸው ስትመጣም እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር።