የጣይባ ፀጉርና ማንቆርቆሪያዋ

የሸዋ ሮቢት ሙቀት ሰውን ከነሐሳቡ ያደክማል። ሠላሳ ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬ ጡረታ ስወጣ፣ ከእንግዲህ ማንንም አልመክርም ብዬ ነበር። ማክሰኞ ዕለት ግን መናኸሪያው አጠገብ ሻይ የምትሸጠው ጎረቤቴ ጣይባ የፀጉር ቀለም ዱቄት ይዛ ከሱቅ ስትወጣ ተገጣጠምን።

«ደግሞ ልትቀቢ ነው? ያለፈው ያቆሰለሽ ሳይድን?» አልኳት።

«ምን ላድርግ ብዙነሽ? ፀጉሬ ዝገት መሰለኮ! ሐያት ደግሞ ዓርብ ትገባለች።»

ሐያት ልጇ ናት፤ ጅዳ ሰው ቤት መሥራት ከጀመረች ዘጠኝ ዓመት ሆናት። ጣይባን ከዱቄቱ መመለስ ስላቃተኝ፣ የቀድሞ ተማሪዬን የፀጉር ቤት ባለቤቷን ሲሃምን ጠርቼ ሦስታችንም ጣይባ ቤት ገባን። ጣይባ እያጉረመረመች ሻሿን ፈታች። ፀጉሯ ቀላ ብሎ እንደ ጤፍ ገለባ ደርቋል፤ የራስ ቆዳዋም እዚህም እዚያም ቆስሏል።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ቀለሙ ብዙም አልለቀቀም፤ የጠፋው ወዙ ነው» አለች ሲሃም። «በምንድን ነው የሚታጠቡት?»

«በጉድጓድ ውሃ፣ በልብስ ሳሙና። ከዚያ ቅቤ ተቀብቼ ፀሐይ ላይ እቀመጣለሁ። እናቴም እንዲሁ ነበረች።»

«እናትዎ ይህን ቀለም ይቀቡ ነበር?»

«አስተግፊሩላህ! ሂና ነው እንጂ።»

«እንግዲያው የእርሳቸውና የእርስዎ ፀጉር አንድ አይደለም። ቀለም የገባበትን ፀጉር ፀሐይ ያቀላዋል፣ የልብስ ሳሙናም ያደርቀዋል። በቁስል ላይ ደግሞ መቅባት ወላሂ አደጋ ነው።»

«እናንተ የተማራችሁ ምክንያት አታጡም!» አለች ጣይባ ተቆጥታ። «ደግሞስ በሻሽ የተሸፈነ ፀጉር ወዙን ማን ያይለታል?»

«ታዲያ አንቺ ለማን ብለሽ ነው የምትቀቢው?» አልኳት።

ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ልጄ ስትሄድ አንድ ሽበት አልነበረኝም። እኔን በማሰብ አረጀች ብላ እንዳታለቅስ ነው።»

 እውነቱን ለመናገር ክርክሩ ሰልችቶኛል፤ ግን አሳዘነችኝ። ዓይኔ የሻይ ማንቆርቆሪያዋ ላይ አረፈ።

«ውስጡ የተጋገረው ነጭ ነገር ምንድን ነው?»

«የጉድጓዱ ውሃ ነዋ! በአቼቶ ነው የማስለቅቀው።»

«ያው ውሃ አይደል ራስሽ ላይ ፈስሶ ፀጉርሽ ላይም የሚጋገረው?»

ጣይባ ማንቆርቆሪያውን አየች፤ ፀጉሯን ዳሰሰች። «ሱብሃነላህ» አለች። ዱቄቱንም ለሲሃም ሰጠቻት።

ሲሃም ቀለም የሌለው ማብረቂያ ትሪትመንት አመጣች። ያን ዕለት ከጆሮዋ ሥርና ከአንድ ዘለላ ላይ ብቻ ሞከረችላት። ሐሙስ፣ ምንም እንዳላሳከካት አይታ፣ በሻምፑ አጠበቻት። ቁስሉን ሳታስነካ የፀጉሩን ጫፍ ሁለት ማንኪያ አቼቶ በገባበት አንድ ሊትር የቧንቧ ውሃ አለቀለቀችው፤ ትሪትመንቱንም ዐሥር ደቂቃ አቆይታ አጠበችው። ፀጉሩ እንደ ልጅነቷ አልሆነም፤ ሽበቱም ከሥሩ ይታያል። ነገር ግን ወዙ ተመልሶ ነበር።

ዓርብ ሐያት ገባች። ተቃቅፈው አልቅሰው ሲያበቁ የእናቷን ፀጉር ዳሰሰችና «እማ፣ አላረጀሽምኮ!» አለች። ከዚያ የራሷን ሻሽ ፈታች። ገና በሠላሳ ዓመቷ ግንባሯ ላይ ሸብታለች፤ ፀጉሯም ሳስቶ ደርቋል።

ጣይባ አየቻት። አላለቀሰችም፤ በርጩማ ሳበች።

«ነይ ተቀመጪ። ቀለም አንቀባም። መጀመሪያ ጆሮሽ ሥር እንሞክራለን፤ ነገ ካላሳከከሽ ጫፉን በአቼቶ ውሃ እናለቀልቀዋለን። የልብስ ሳሙና የለም፣ ፀሐይ ላይ መቀመጥ የለም። እንዲህ ከሆነ ቆዳሽ አይቆስልም፣ ፀጉርሽ አይሰበርም፣ ወዙም ይመለሳል። እኔ አይቼዋለሁ።»

ሐያት ራሷን እናቷ ጉልበት ላይ ጣለች። «እማ፣ ደክሞኛል።»

«እኔም ደክሞኛል ልጄ» አለቻት ጣይባ፣ ፀጉሯን ከጆሮዋ እየገለጠች። «ትንሽ ብቻ ቀና በይልኝ።»