የወንድሜ ታንክ ክዳን

እዚህ ዐረብ አገር፣ ከፉርን ኤል ሸባክ ሰፈር ወደ ምካሌስ ሰፈር በሚሄድ፣ ሰው ተጋርቶ በሚሳፈርበት ሰርቪስ ታክሲ ውስጥ ሁለት ያገሬ ልጆች ከጎኔ ተቀምጠው ያወራሉ። ታናሽየዋ ናት የጀመረችው።

«እትዬ፣ የማዳሜ ባል በአገራቸው ጦርነት ጊዜ ታንክ ነጂ ነበር። ትናንት ስለ ወንድሜ ጠየቅሁት።»

«ምን ብለሽ?»

«እሱም በደርግ ጊዜ ታንከኛ እንደነበረ ነገርኩት። ታንኩ ተቃጠለ እንጂ እሱን ሞቶ ያየው የለም፣ ምናልባት ተማርኮ ይሆን ወይ አልኩት።»

«እና ምን አለሽ?»

«የታንኩ ክዳን ተከፍቶ ነበር ወይ አለኝ። ከሩቅ ያየ ጓደኛው እንደተዘጋ ነው የነደደው ብሎናል አልኩት።  ከዚያ ኸላስ፣ በቃ፣ አትጠብቂው አለኝ።»

«ወይኔ እህቴን!»

«ወንድሜ ሲሰናበተኝ ‹ብረቱ ስንዝር ይወፍራል፣ ምንም አይበሳውም፣ አታልቅሺ› ብሎኝ ነበር። እኔ ሞኟ ብረቱን አምኜ ይኸው ስጠብቅ ኖርኩ።»

«ለእናትሽ ልትጽፊላት ነው?»

«ልብሱን እስከ ዛሬ እያጠበች ታሰጣለች። ምን ብዬ ልጻፍላት?»

«ተይ፣ አትጻፊ። እሷ እንኳ ትጠብቀው።»

«እኔስ እትዬ? እኔ ከእንግዲህ ምን ልጠብቅ?»

መውረጃዬ ሲያልፍ እያየሁ ሾፌሩን አቁም ሳልለው ቀረሁ።