የጋሽ ቁልፌ ካዝናና የእርጥበት ነገር

ዝናብ መንገድ ላይ ባይዘኝ ኖሮ ይህን ጉድ አላይም ነበር። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ ጃንጥላ መርሳት ደግሞ የቆየ ሙያዬ ነው። እየሮጥኩ ወደ ጋሽ ቁልፌ ጫማ መደብር ገባሁ።

ጋሽ ቁልፌ የተባሉት የካዝናቸውን ቁልፍ በክር አንገታቸው ላይ ስለሚያንጠለጥሉ ነው። መደብሩ ከፊት፣ መኖሪያቸው ከኋላ ነው። የሟች እህታቸው ልጅ፣ እሳቸው አሳድገው አስተምረው ፋርማሲስት ያደረጓት፣ አጠገባቸው ቆማ ትሟገታለች።

«እሰይ! መምህር፣ ይዳኙን!» አሉኝ። «ሰኞ ቤቱን በስሟ ላዛውርላት ነው። እሷ ግን ምስጋናው ቀርቶ ካዝናዎን ካላየሁ ትለኛለች!»

«ጋሼ፣ ዋናው የቤት ውል ካልተነበበ እኮ ውልና ማስረጃ ቢሮ አይቀበሉንም» አለች። «ካዝናውን ያስጠጉት ከመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ጋር ነው። እርጥበት ገብቶበት ቢሆንስ?»

«ሌባ እዚያ አይፈልግማ! ደግሞ ንጽሕና የማላውቅ መሰለሽ? ቅዳሜ ቅዳሜ ውስጡን በእርጥብ ጨርቅ ወልውዬ፣ ሰው ሳያይ ቶሎ እቆልፈዋለሁ። ውሉም በፌስታል ላይ ፌስታል ተጠቅልሎ ተቋጥሯል። በየት ይገባበታል?»

«ወይ ጋሼ! እርጥበቱን እኮ ራስዎ አስገብተው ነው የሚቆልፉበት።»

«ብረት ነው ልጄ፣ ድስት አይደለም!»

«ድስትስ ሲከደን ክዳኑ ውሃ ያቋጥር የለ?»

መልሷ አስደሰተኝ። ለፍርድ ስለተጠራሁም «ተከፍቶ ይታይ» አልኩ። ጋሽ ቁልፌ ቅር እያላቸው ወደ ኋላ ቤት ወሰዱን፤ ቁልፉን ከአንገታቸው ሳያወልቁ፣ ካዝናውን የሚስሙ ይመስል ጎንበስ ብለው ከፈቱት።

የሻጋታ ሽታ ቤቱን ሞላው። ፌስታሉ ሲፈታ ውሉ እጥፋቱ ላይ ተጣብቋል፤ ጠርዙም ጠቋቁሯል። የሽማግሌው ፊት አመድ መሰለ።

«አይ እኔ! ቤትሽን በገዛ እጄ አጠፋሁት!» ብለው ሊገልጡት ሲሉ እጃቸውን ያዘቻቸው።

«ይተዉት ጋሼ! ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይሉኝ የለም?»

ከዚያም ውሉን በንጹሕ ደረቅ ወረቀት መካከል አድርጋ፣ አየር በሚዘዋወርበት ክፍል ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። በእሳትም በፀሐይም እናስቸኩለው ብንላት እንቢ አለች። እጅ ሳይጎትተው ቀስ ብሎ ይላቀቃል አለችን።

ጋሽ ቁልፌ ተክዘው ሳሉ ልጅቱ ከመደብሩ ወለል ላይ አንዲት ትንሽ ከረጢት አንስታ መጣች። ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋ ናት።

«ይህቺን ምን ያደርጓታል?»

«እሷማ መርዝ ናት! ደንበኛውን ሁሉ ጣሏት እላለሁ።»

«አትበላም እንጂ ሥራዋ እርጥበት መምጠጥ ነው። ከክኒን ጠርሙስም ውስጥ አለች።»

«እንዲያ ነው! ዕድሜ ልኬን መድኃኒቱን ከደጄ ስጠርግ ኖርኩ በይኛ!» ብለው በሐዘናቸው መሃል ሳቁ። «በይ አሁኑኑ እንክተታት!»

«ይቺማ ጠጥታ ጠግባለች፤ አዲስ እንገዛለን። አዲሷም ስትጠግብ ትለወጣለች።»

እሑድ ዕለት ጋሽ ቁልፌ እቤቴ ድረስ መጥተው በሩን ደበደቡት። «ይነበባል! መምህር፣ ማኅተሙም ፊርማውም ይነበባል!» እንባቸው ይወርድ ነበር። ሰኞ ቤቱ በልጅቱ ስም ተዛወረ።

አንባቢዬ ሆይ፣ ሌባ እንኳ ቁልፍ ይሰብራል፤ ውሃ ግን እያሳሳቀ ይወስዳል። ዛሬ ያ ካዝና በደረቅ ግድግዳ በኩል፣ ግድግዳውን ሳይነካ፣ ከወለሉም ከፍ ብሎ ቆሟል። የሚወለወለው በደረቅ ጨርቅ ነው። ብራ ቀን ሲሆን ተከፍቶ ይናፈሳል፣ ከረጢቶቹም እየታዩ ይለወጣሉ። የሰነዶቹ ቅጂ ደግሞ ሌላ ቦታ ተቀምጧል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።

አዲሱ ሰነድ የወጣ ቀን እኔም እዚያው ነበርኩ። ልጅቱ በሁለት እጇ አቀረበችላቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ካዝና ውስጥ ያስቀምጡልኝ።»

አስቀመጡት፤ ቆለፉት። ከዚያ ሲተኙ እንኳ የማያወልቁትን ክር ከአንገታቸው አውጥተው አንገቷ ላይ አጠለቁላት።

«እኔ ብረሳ አንቺ እየከፈትሽ አናፍሺው» አሉ። ባዶ ደረታቸውን በእጃቸው ዳሰስ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ አንገቴን ቀለለኝ እኮ!»