ደጃፍ ላይ የሚራገፈው ቱታ

ባትሪ ሠሪው ከአውቶቡስ ሲወርድ የእህቱ ልጅ ከኋላው በር ስትወርድ አያት። ልጅቷ አፈር የሚመረመርበት ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች፤ እሱ ግን ለጎረቤት ሲያስተዋውቃት «አፈር አንባቢዋ» ይላታል፣ ግማሹ ኩራት ግማሹ ቀልድ። እያወጉ ቤቱ ደረሱ። ደጃፉ ላይ ቆሞ እንደ ልማዱ የቱታውን ጃኬት አወለቀና በበሩ መቃን ላይ እየመታ ያራግፈው ጀመር። በሰፈሩ በንጽሕናው የታወቀ ሰው ነው፤ የሥራ አቧራ ይዞ ቤት አለመግባቱን እንደ ማዕረግ ይቆጥረዋል።

«ጋሼ፣ እባክዎ ይተዉት» አለችው።

«ምን ላድርግ ታዲያ፣ ይዤው ልግባ?»

«አይ፣ ከነጭራሹ ይዘውት አይምጡ ነው የምለው።»

ነገሩ ገባው። በዚያው ሳምንት አብራው የምትኖረው ሴት ልጁ ትንሿን ልጇን ስታስመረምር በሕፃኗ ደም ውስጥ እርሳስ፣ ያው እሱ ለባትሪ የሚያቀልጠው፣ ተገኝቷል። እናትየዋም ቁርጡን ነግራዋለች፤ ይህ አቧራ ካልቆመ ሕፃኗን ይዛ ሌላ ቤት ልትከራይ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ደግሞ ማታ ማታ ወደ ቤት የሚያጣድፈው የዚያች ሕፃን ሳቅ ብቻ ነው።

«ልጄ ናት የላከችሽ?»

«ማንም አልላከኝም። ግን ዛሬ ባንገናኝም ነገ መምጣቴ አይቀርም ነበር።»

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እርሳስ ሳቀልጥ ኖሬ ይኸው ቆሜያለሁ።»

«ቆመዋል። የሆድ ቁርጠቱስ? የእጅዎ መንቀጥቀጥስ?»

«እሱ እርጅና ነው።»

«ይሁን፣ እርጅና ነው እንበል። የሁለት ዓመት ልጅም አርጅታ ነው? እርስዎ ያራገፉት እዚሁ ነው ያለው፤ ቱታዎ ሲጸዳ መሬቱ ይጠግባል። እሷ ደግሞ እዚሁ ተቀምጣ ትጫወታለች፣ እጇን ትልሳለች። ጠዋት ቤቱ በደረቁ ሲጠረግ የቀረው ተነሥቶ አልጋዋ ላይ ያርፋል።»

«እኔ ያየሁት እርሳስ የለም። ዓይኔ እንደሆነ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ያስገባል።»

ሰው እንዲህ ነው፤ ያላየውን የጎረቤቱን ገመና በአንድ ወሬ ያምናል፣ ያላየውን መርዝ ግን ምስክር ካልቆመለት አይቀበልም። ልጅቷ ይህን ስለምታውቅ ምስክሩን ከሌላ ቦታ አላመጣችም።

«ባትሪ ውስጥ የቧንቧ ውሃ ይጨምራሉ?»

እንደ ተሰደበ ሰው አያት። «ምን ነካሽ? የተጣራ ውሃ ነው እንጂ። የቧንቧ ውሃ የጨመረ ሠራተኛ እኔ ጋ አያድርም።»

«ምነው፣ የቧንቧው ጥርት ያለ አይደል?»

«መጥራቱ ምን ያደርጋል፣ ጨው አለበት። ዓይን አያየውም እንጂ ውስጥ ለውስጥ ባትሪውን ይበላዋል። ደንበኛው የሚያውቀው መኪናው አልነሣ ሲለው ነው።»

«ታዲያ ጋሼ፣ ለሰው ባትሪ የማይታየውን ይፈራሉ፤ ለልጅ ልጅዎ ሲሆን ካላየሁ ይላሉ?»

ይህን ጊዜ ሕፃኗ ድምፁን ሰምታ እየተንገዳገደች ወጣች። ሊያነሣት እጁን ዘረጋና ከመንገድ ሰበሰበው።

«ቆዪ እማዬ፣ አልታጠብኩም» አላት። ስታለቅስ እያየ ወደ እህቱ ልጅ ዞረ። «ሙያዬን ግን አልተውም።»

«ሙያውን ማን ይተዉ አለዎት? ቱታውና ጫማው ሱቅዎ ይደር፣ እዚያው ለብቻው ይታጠብ። እርስዎም ታጥበው ልብስ ቀይረው ይምጡ። ቤቱ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። የደጃፉ አፈር ደግሞ በጥንቃቄ ተነሥቶ ሲሚንቶ ይፈስበት፤ የት እንደሚጣል እኔ አጣራለሁ።»

«ሌላስ?»

«የሕፃኗ እጅ ከምግብ በፊት ይታጠብ፣ ሁልጊዜ።»

በማግስቱ ጀመረ። እናትየዋም መሄዱን ተወችው። እርሳስ ከደም ቶሎ አይወጣም፤ ነገር ግን ሕፃኗ በተመረመረች ቁጥር መጠኑ እየቀነሰ መጣ፣ ሐኪሟም በዚሁ ቀጥሉ አለች። ያስቸገረው አሁን ሰውዬው ራሱ ነው። ማታ ከሱቁ አጠገብ ያሉት ባትሪ ሠሪዎች ሱቃቸውን ሲዘጉ የግቢው መውጫ ላይ ይቆማል፤ ቱታውን እንደለበሰ የሚወጣ ካየ «ቤትህ ልጅ አለ?» ይለዋል። አለ ካለ መልሶ ያሳጥበዋል። የለኝም ብሎ ሊያልፍ የሚሞክር ወንደላጤም አያመልጠውም።

«ጎረቤትህስ?» ይለዋል።