አንደኛ የወጣው ተከራዬ

ይግቡ፣ ይግቡ ጋሽ ካሣዬ። እዚህኛው በርጩማ ላይ አረፍ ይበሉ፤ ያኛው ይንገዳገዳል። ጭቃው አላስቸገረዎትም? ከቁስቋም ወዲህ ያለው መንገድ በክረምት ሰው አያስወጣም። ድንቹ? ደህና ነው፣ ተመስገን።

የመጡበትን አውቄዋለሁ። ለወንድምዎ ልጅ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት፣ ልጄን ሮሐን እሰጥ እንደሆነ አፌን ሊያዩ ነው። ክብር ነው። እንደርስበታለን... ምን ያስቸኩላል? እኔ ወሬ አላውቅበትም፤ እንዲያው ዝናቡ እስኪያባራ ስለ አንድ ተከራዬ ላጫውትዎ። ስሙ ይቅር።

ኮሮና የገባ ጊዜ ነው። መሥሪያ ቤቱ «ከቤታችሁ ሆናችሁ ሥሩ» ብሎ ሰደደውና ከግቢው በር አጠገብ ያለችው ክፍል ውስጥ ከተተ። እንዴት ያለ ብርቱ ልጅ መሰለዎት! ጠዋት ቱታውን ለብሶ ግቢው መሀል ይዘላል፣ እጁን ያወናጭፋል፣ መሬት ላይ ተደፍቶ ይነሳል፣ ይተኛል... መተኛቱ ላይ የሚደርስበት የለም። እኔ ከንጋት ጀምሮ ስቆፍር ያየኝና «አባባ፣ እርስዎም ስፖርት ቢጀምሩ ለጤናዎ ጥሩ ነው» ይለኛል። አሳቢ አይደለም? ዶማዬን ተደግፌ አመሰገንኩት።

ኋላ መሥሪያ ቤቱ ውድድር አወጣ። ቤት የዋለ ሰው እንዳይሰንፍ፣ በወሩ ብዙ እርምጃ የሄደ ይሸለማል፤ የሚቆጥረው ስልኩ ነው። ልጁ ሦስት ቀን እስከ እንጦጦ ማርያም ወጣ። በአራተኛው ቀን ቀረ። ቁጥሩ ግን ጨመረ! ተኝቶ የሚሄድ ሰው አይተው ያውቃሉ? ሁለት ስልክ ነበረው መሰለኝ... ከዚያን ቀን ጀምሮ ደግሞ የአህያዬ ፍቅር ያዘው። ድንች ጭኜ ወደ ሽሮ ሜዳ ከመውረዴ በፊት አንገቷን ያሻሻል፣ ኮርቻዋን ያስተካክላል። ስንመለስ ደጅ ቆሞ ይቀበላል። እኔን አይደለም፣ እሷን። የዛሬ ልጅ እንስሳ ሲወድ ደስ አይልም?

ሐምሌ ውስጥ የሮሐን እናት ጭቃ አንሸራተታትና እግሯ ተሰበረ። ከአስፋልቱ ወዲህ መኪና አይገባም። ጎረቤቱ ሰው መንካት ፈርቷል፤ አልፈርድበትም። እኛን ምን ገዶን? ግቢያችን ውስጥ ያ ሁሉ ጡንቻ አለ! ሮሐ ሄዳ መስኮቱን አንኳኳች። ልጁ ሕግ አክባሪ ነው... መስኮቱንም አልከፈተ። «ሁለት የአዋቂ እርምጃ ራቂ!» አላት ከውስጥ። ተሳሳተ? በሬዲዮ የሚነገረው ይኸው ነበር።

አህያዬ ሬዲዮ አትሰማም። ገና ከሽሮ ሜዳ መመለሷ ነበር፣ ኮርቻዋን እንኳ አላወረድኩላትም። እሷ ተሸከመቻት። ሮሐ ከጎን ደግፋ፣ እኔ እየሳብኩ ቁልቁል ወረድን። እናቲቱ በየድንጋዩ ትጮኻለች። መሀል መንገድ ስንደርስ ከኮርቻው ሥር ሙዚቃ ተነሳ! ሮሐ እጇን ሰደደች። በፌስታል የተጠቀለለ ስልክ። እንግሊዝኛውን አነበበችልኝ፦ «እንኳን ደስ አለዎት፤ የዛሬውን አሥር ሺህ እርምጃ ሞልተዋል። እንዲሁ ይበርቱ!»

ሮሐ ምን አደረገች? ጠቅልላ ቦታው መለሰችው። ቁልቁል መንገዳችንን ቀጠልን። በወሩ መጨረሻ ልጁ አንደኛ ወጣ፤ የምስክር ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ሰቀለ። «ምስጢሩ ጽናት ነው» እያለ ለጓደኞቹ በስልክ ሲያስረዳ ሰምቼዋለሁ። እውነቱን ነው። አህያዬ ጽኑ ናት።

ምነው አቀረቀሩ? እኔ መች ስለ ወንድምዎ ልጅ አወራሁ? ለካ እሱም እዚያችው ክፍል ተከራይቶ ነበር... ረስቼው። ክፍሏ ስንቱን አስተናግዳለች!

የሮሐን ነገር እንኳ ጠይቄያታለሁ። «አባዬ፣ አንተ መርቀህ ሸኝልኝ» ብላ ሳቀች። ልጄ እንደሆነች አፍ አላት፤ እንዲህ ላለ ጨዋ አትመጥንም። ስለዚህ ባርኔጣዬን ላውልቅና ልመርቀው።

የቁስቋሟ እመቤት እግሩን ከእንቅፋት ትጠብቅለት። ሽልማቱን ታብዛለት። ትዳርም ትስጠው፤ እሱ ሲተኛ የምትሄድለት፣ ሸክም ሲመጣ ጀርባዋን የምትሰጥ፣ በማን እግር አንደኛ እንደወጣ ለሰው የማትናገር... ልክ እንደ አህያዬ ያለች ታጋሽ ሚስት ትስጠው። አሜን ይበሉ እንጂ፣ ጋሽ ካሣዬ።