ከዓይን የተሸሸገ ጉዞ

ማርቲዬ፣ ነይ እስቲ ወደዚህ ጠጋ በይ። ወንበሩን ወደ ጥላው ሳብ አድርጊው። ኅዳር ገባ አይደል? ይኸው ለድሬም ነፋስ መጣላት፤ ሌሊት ሌሊት አንሶላ ደረብ ማድረግ ጀመርን። የልጅሽ ሽፍታ ጠፋለት? ተመስገን። ሙቀቱ ነው ያደረገው። ሙቀት እኮ ስንቱን ያደርጋል…

ጃኬቱ ዛሬም ተሰጥቷል ለካ። አይ፣ የአንቺን ገመድ አይደለም፤ ከአጥሩ ማዶ ያለውን ነው የምልሽ። ጥቁሩን፣ ኮፍያው ላይ ፀጉር ያለውን። ብል እንዳይበላው ነዋ። ዕቃ አያያዝ የምታውቅ ሴት ናት። ድሬ ላይ እንዲህ ያለ ጃኬት ያለው ቤት ሌላ ታውቂያለሽ?

አንቺ ወደ ሰፈራችን የገባሽው ከመስቀል ወዲህ ነው፤ ያቺን ሴት ገና አላወቅሻትም። ስሟ ምን ያደርግልሻል፣ ሥራዋን ልንገርሽ። ድምፄን ልቀንስ? ለምን ብዬ? ሰው እያመሰገንኩ እኮ ነው። ምስጋናን ባለቤቱ ቢሰማው ምን ነውር አለው…

ያለፈው ግንቦት ላይ ነው። ልጇ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ነበር። ውጭ አገር ሄዶ መንፈቅ ተምሮ የሚመለስ አንድ ተማሪ ይፈለጋል ተባለ። ፊንላንድ የሚባል፣ በረዶ በበረዶ የሆነ አገር። ልጁ ይህንን ሹክ ሲላት መጀመሪያ ምን ታሰባት መሰለሽ? ዓይን። የኛ የጎረቤቶቿ ዓይን። እውነቷን ነው አቦ! ያን ልጅ አዝለን አሳደግነው፣ ትኩሳት ሲይዘው አጠገቡ ተቀመጥን… ይኼን ሁሉ በምናችን አየነው? በዚሁ ዓይናችን አይደል? እና አውሮፕላኑ እስኪነሳ ማንም እንዳይሰማ ብላ ቆረጠች። እንዲህ ነው አርቆ ማሰብ።

ልጁ ግን በእንግሊዝኛ ቃለ መጠይቅ አለበት። እውነት ለመናገር፣ በሒሳብ አይታማም፤ እንግሊዝኛ ላይ ነው ምላሱ የሚተሳሰረው። ማን ያለማምደው? አሚራ። አሚራን አልደረስሽባትም፤ የፊርዶስ ልጅ ናት፣ የዚህች ፊት ለፊትሽ ያለችው፣ ታይዋን ገበያ ልብስ የምትሸጠው። ከልጁ ጋር አንድ ክፍል ናቸው። ያን ሰሞን እናቷ ታማባት ሱቅ ስትውል ማስታወቂያውን አላየችውም። ያቺ ደግ ሴት ደጇ ድረስ ሄዳ፣ ልጄ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሊቀጠር ነውና እባክሽ አለማምጅልኝ አለቻት። አሚራም እሺ አለች። ከሰዓት ከሰዓት በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው እሱ ጥያቄውን ያመጣል፣ እሷ አፉን ታፍታታለታለች።

አንድ ቀን ያመጣው ጥያቄ፣ በረዶ ያለበትን አገር ኑሮ እንዴት ትለምደዋለህ የሚል ሆነ። ንገሪኝ እስቲ፣ ድሬ ላይ የትኛው ፋብሪካ ነው ይኼን የሚጠይቅ? አሚራ መልሱን አሳምራ አለማመደችው። በማግስቱ ዩኒቨርሲቲ ሄዳ ጠየቀች፤ እሷም ተመዘገበች። እሱን ማለማመዱን ግን አላቋረጠችም። የሰው አስተዳደግ መቼም ይለያያል…

እናትየውስ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች? ታይዋን ወርዳ ጃኬት ገዛች። የፊርዶስን ሱቅ በሩቁ ዞራ፣ ከሌላ። ባለሱቁ ለማን ነው ቢላት፣ ደብረ ብርሃን ላለ ዘመድ ነው አለችው አሉ። ከዚያ ልጁ ልብሱን ይልመደው ብላ እቤት ውስጥ ታለብሰው ጀመር። በሰኔ! በር ዘግታ! መስኮት ዘግታ! የናት ነገር… ልጁ ሽፍታ ወረሰው፣ ላቡ እንደ ቧንቧ ወረደ። ለውሃ ብቅ ሲል ያየው ሰው ደነገጠ። ምን ሆኖ ነው ስንላት፣ ወባ ነው አለች።

ወባ ከተባለ ደግሞ እኛ እንተኛለን? ፊርዶስ ሕመሟ ቀለል ሲላት ብርቱካን ይዛ፣ እኔ አጥሚት ይዤ ልንጠይቀው ገባን። ልጁ እስከ አንገቱ ብርድ ልብስ ተከናንቧል፤ ከብርድ ልብሱ ጫፍ የኮፍያው ፀጉር ብቅ ብሏል። ፊርዶስ ፀጉሩን እንደ ድመት ደባበሰችውና፣ አላህ ይማርህ አለችው። ሌላ ምን ትበል?

ሐምሌ ላይ ውጤት ወጣ። እሱ አንደኛ፣ አሚራ ተጠባባቂ። ይገባዋል ወላሂ፤ አስተማሪው ማን ሆነና? አሚራ እንኳን ደስ ያለህ ብትለው፣ እናቱን ፈርቶ፣ በምን? አላት። እንዲህ የእናቱን ቃል የሚጠብቅ ልጅ ዛሬ የት ይገኛል? እንግዲህ የቀረው ሲደውሉለት እሄዳለሁ ማለት ብቻ ነበር። እሷ ግን ለጓደኛ እንዳያወራ ብላ ስልኩን ቀምታው ነበር። በሷ እጅ ሲሆን አስተማማኝ ነዋ።

ስልኩ ሲጮህ እኔ እዚሁ ጥላ ሥር ነበርኩ። እሷ አጥሩ ሥር ልብስ ታጥባለች። እጇ ሳሙና ስለሆነ ድምፁን ከፍ አድርጋ ድንጋዩ ላይ አኖረችው። ጆሮዬን የት ልጣለው? የደወለችው ሴትዮ በትሕትና፣ ከፕሮግራሙ ቢሮ ነው የምደውለው፣ ልጅዎ ለጉዞው ዝግጁ ነው ወይ አለቻት። እሷ ቀና ስትል እኔን አየችኝ…

«የምን ጉዞ?» አለች። «ልጄ የትም አይሄድም።»

ሴትየዋ ግራ ገባት። እሱን ያገናኙኝ ብትላት፣ የለም አለቻት። ዛሬ እኮ የመጨረሻው ቀን ነው ብትላት፣ ትቶታል አለቻት።

«እንግዲያው ቦታው ለተጠባባቂዋ ያልፋል፤ እርግጠኛ ነዎት እናቴ?»

«ለፈለጋችሁት ስጡት!»

ዘጋችውና ወደ እኔ ዞራ፣ ሰው እኮ የሌለ ወሬ ያወራል አለችኝ። እኔም እውነትሽን ነው አልኳት። በልቧ ያሰበችው፣ እኔ ወደ ቤቴ ስገባ መልሳ ልትደውል ነበር። ታዲያ እኔ ኩርሲዬን ይዤ ስገባ መሽቷል፤ ቢሮው ተዘግቷል። ለአሚራ ግን ያኔውኑ ተደውሎላት ነበር። እሄዳለሁ አለች። እሷ ከማን ትደብቃለች?

አሚራ ነሐሴ መጨረሻ ሄደች። ፊርዶስ ካንድም ሰው አልደበቀችም፤ ሰፈርተኛው በባጃጅ ተጭኖ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኛት። ዓይናችንም ምንም አላደረጋት፤ በስልክ ስትታየን ጉንጯ ሞልቷል። ፊርዶስ ድና ሱቋን ከፍታለች። ልጁ አራተኛ ዓመት ገብቶ እዚሁ ይማራል፤ ሽፍታውም ጠፋለት። እናቱም ደህና ናት፣ ይኸው ከአጥሩ ማዶ ኮቴዋ ይሰማኛል። ታናሽየው ደግሞ ለከርሞ ዩኒቨርሲቲ ይገባል አሉ። አሉ ነው እንጂ፣ እሷማ ምን ነግራን…

እኔ ክፉ አልመኝላትም። ለልጆቿ እንዲህ የምትሳሳ እናት ከየት ይመጣል? እግዜር ልቧን አይቶ አንዱንም ልጇን ከአጠገቧ አይለይባት። ወልደው ከብደው፣ ፀጉራቸው ሸብቶ እንኳ፣ ከዚችው ከድሬ ሳይወጡ፣ ጉያዋ ሥር ያኑርላት። አሜን በይ እንጂ ማርቲዬ… ጮክ ብለሽ።