የሰሜን ጅቦችና የወይዘሮ ኡሙሀኒ ጥያቄ

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ የሥራ ባልደረቦቼ፣

ይህን መሰናበቻ ላዘጋጃችሁልኝ ሁሉ፣ በተለይም ላቦራቶሪውን ለዳቦና ለለስላሳ ለፈቀዱልን ለክፍሉ ኃላፊ ለዶክተር ገብረዝጊ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ከዚህ በፊት ለማንም ፈቅደው አያውቁም፤ የመሄዴን አስፈላጊነት ከዚህ ተረድቻለሁ።

መልቀቂያ ላስገባ ስሄድ ዶክተር በወንድምነት፣ «ሓወይ፣ ከጅብ ጥናት ወደ ጋዜጠኝነት? ደኅና ነህ?» አሉኝ።

«ዘጋቢ ፊልምም እሠራለሁ።»

«እሱ ደግሞ ይብሳል።»

ምክንያቴን በሥርዓት ላስረዳ። ባለፈው የካቲት በሰሜን ክፍለ ከተማ ባለጋሪው ነስረዲን «አህያዬን ጅብ ገደለብኝ» በማለቱ ነዋሪው ተሰበሰበ። አጀንዳው ጅቦቹን በመርዝ መፍጀት ነበር። እኔም በጅብ ተመራማሪነቴ ተጋበዝሁ።

ቆዳ ነጋዴዋ ወይዘሮ ኡሙሀኒ ተነሥተው፣ «ወንድሜ፣ ልጆቼ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በማለዳ ነው። ጅቡ ይበላቸዋል ወይስ አይበላቸውም?» ብለው ጠየቁኝ።

«ያለን መረጃ ወደ አንዱ ድምዳሜ ለመድረስ አያስችልም» አልሁ።

ይህ መልስ እዚህ ክፍል ውስጥ ያስመሰግናል። እዚያ ግን መርዙን ማን ይግዛ ወደሚለው ተሻገሩ።

«ወላሂ አልገባኝም» አሉ ወይዘሮ ኡሙሀኒ። «ዛፍ ላይ ካሜራ ታስሩ የለም እንዴ? ያየኸውን አሳየና።»

ላፕቶፔን ከፈትሁ። ለጥናት አይሆንም ብለን ያስቀመጥነው ምስል ነው፤ አንዲት ጅብ ለልጆቿ የአህያ እግር ስትጎትት ያሳያል። እግሩ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል።

«ነስረዲን፣ ይህ ጨርቅ ያንተ አይደለም?» አሉ ወይዘሮ ኡሙሀኒ። «ታሞ የሞተውን አህያ በዚህ አስረህ ራስህ ጎትተህ ጥለህ፣ ጅብ ገደለው ትላለህ!»

«ታዲያ ማን ያንሣልኝ?»

«ይኸው ጅቦቹ አነሡልህ።»

አዳራሹ ሳቀ። የመርዙ ውሳኔ ግን አልተሰረዘም፤ እስከ መስከረም ብቻ ተራዘመ። «ሙሉውን ፊልም ሠርተህ አምጣ፣ አይተን እንወስናለን» ተባልሁ። ጥናት ብጽፍ እስከ መስከረም ገምጋሚ እንኳን አይመደብለትም። ታዲያ ምን ላድርግ?

ጅቦቹ ንጹሕ ናቸው ብዬ አልማልም። የወይዘሮ ኡሙሀኒን ጥያቄ ዛሬም መመለስ አልችልም። ስለዚህ ነገ ማለዳ ካሜራዬን ይዤ ከልጆቻቸው ጋር ትምህርት ቤት ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ። ፊልሙ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። ካሜራችሁን ዝናብ፣ ጽሑፋችሁን ክፉ ገምጋሚ አያግኘው። ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት በሰላም ይመለሱ። ይህን የምለው ያለ «ምናልባት» ነው።